ማጅራቴና ሰዓት የሚቆጠርለት መርፌ

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ የሀበሻ ቀሚስ መስፋት ነው። የሳሎናችን ግማሹ የልጆቼ፣ ግማሹ የሲንጀሬ ነው። ጥር ሲገባ እንቅልፍ የለኝም። ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልጁን ለመዳር የሚሯሯጥ ወላጅ አለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ አንገቴን ደፍቼ እሰፋለሁ። ውሃ በሚለቀቅበት ቀን ደግሞ ጀሪካን ይዤ አራት ፎቅ እወጣለሁ። በቀኝ እጄ፣ ሁልጊዜ በቀኝ እጄ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ እዚያ ሲንጀር ላይ ስለጀመረኝ የማጅራት ሕመምና ስለ ነርቭ ማደንዘዣ መርፌ ነው። ሐኪሞቹ "ነርቭ ብሎክ" ይሉታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሁለት ዓመትና አንድ ሙሉ እቁብ ከፍዬ የተማርኩት ነገር አለ፤ እናንተ በነጻ ውሰዱት።

የጀመረኝ በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። አንድ ጠዋት ስነሳ ቀኝ ማጅራቴን በዱላ የተመታሁ መሰለኝ። ባለቤቴ "ማጅራት መቺ ቤት ድረስ መጣብሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አንገቴን ሳላዞር።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ "ብርድ ነው።" የእኛ ሰፈር ነፋስ ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ነጠላ ጠቀለልኩበት። ቅባት ተቀባሁ። ትራስ ቀየርኩ። ሦስት ወር ሲሞላው ሕመሙ ከማጅራቴ ወደ ትከሻዬ ወረደና ከትከሻ አጥንቴ በላይ ተቀመጠ። ስለዚህ የትከሻ በሽታ ነው ብዬ ደመደምኩና ትከሻዬን ማሸት ጀመርኩ። የአንገት መጋጠሚያ ሲታመም ትከሻ ላይ እንደሚሰማ ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የላይኛው መጋጠሚያ ከሆነ ደግሞ ወደ ራስ ቅል ኋላ ወጥቶ ራስ ምታት ይመስላል አሉ።

የመጀመሪያው ትልቁ ስህተቴ ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ እገዛለሁ፤ ሥራ ሲበዛ ጠዋትና ማታ እውጣለሁ። ክኒኑ ሲደክም ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄጄ መቀመጫዬ ላይ በመርፌ እወጋለሁ። ሁለት ቀን ደህና እሆናለሁ፣ ከዚያ እንደገና። ስምንት ወር እንዲህ ኖርኩ። መጨረሻ ላይ ከማጅራቴ በላይ ጨጓራዬ አስጮኸኝ። እባካችሁ፣ ይሄ መድኃኒት ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል፣ ደም ግፊት ያለበትን ሰው ደግሞ ግፊቱን ከፍ ያደርግበታል። ለጥቂት ቀን ሐኪም ሲያዝ ሌላ ነው። እንደ ቡና ቁርስ ስምንት ወር መውሰድ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ወጌሻ ነው። ወጌሻን ለመስደብ አይደለም፤ የልጄን እጅ ያቃናልኝ ወጌሻ ነው። ግን አንገት እጅ አይደለም። ሰውዬው ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ይዞ በድንገት ሲጠመዝዘው ቀጭ አለ፣ ዓይኔ ጨለመ። ለአንድ ሳምንት አዞረኝ። በኋላ ለሐኪሙ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች በአንገት አጥንት በኩል ነው የሚያልፉት፤ እንዲያ ባለ ጥምዘዛ ሊሰነጠቁና ሰው ስትሮክ ሊመታው ይችላል አለኝ። ጸበል ሂዱ፣ ጸልዩ፣ እኔም አልተውኩም። አንገታችሁን ግን ለማንም አትስጡ።

በመጨረሻ እቁቤ ሲደርሰኝ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ብሩ የታሰበው ለአዲስ ሲንጀር ነበር። ወረቀቱ ላይ በአምስተኛውና በስድስተኛው የአንገት አጥንት መካከል ዲስክ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ያለው ነገር፣ ወጣ ብሏል ይላል። ጎረቤቶቼ ዘንድ ወሬው ሳይውል ሳያድር "ኦፕራሲዮን ነው" ሆነ። አንዷ "ሽባ ያደርጋል" አለችኝ፣ ቡና እያፈላች። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

መንገዴ የተቃናው ከዚህ በኋላ ነው። የአጥንት ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ አልደነገጠም። ከአርባ ዓመት በላይ ያለው ሰው ሁሉ ቢነሳ ብዙው እንዲህ ያለ ነገር ይገኝበታል፣ ምንም ሳያመው አለኝ። ከወረቀቱ ይልቅ እኔን ጠየቀኝ። እጅሽ ይዝላል? ዕቃ ከእጅሽ ይወድቃል? ሕመሙ በክንድሽ ወርዶ ጣትሽን ያደነዝዛል? ስትራመጂ ትንገዳገጃለሽ? ሽንት ያመልጥሻል? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት አለ? የመጨረሻውን የጠየቀኝ ለቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም፤ አከርካሪም ላይ ይወጣል። ከእነዚህ አንዱ ያለባችሁ ሰዎች የእኔን ተሞክሮ ማንበብ ትታችሁ ነገውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እኔ አንዱም አልነበረብኝም። ስለዚህ ቢላዋ አያስፈልግሽም ብሎ በሕመም ሕክምና ወደሚሠራ የማደንዘዣ ሐኪም ላከኝ።

ይሄኛው ሐኪም ወጣት ነው። "እናቴ" ይለኛል፤ ገና 44 ዓመቴ ነው። ግን አስረድቶ አይደክመውም። የኤምአርአዩ ፖስታ ጀርባ ላይ ሥዕል ሣለልኝ። አንገታችን ሰባት አጥንት አለው። አጥንቶቹ ከኋላ በግራና በቀኝ እንደ በር ማጠፊያ ባሉ ትንንሽ መጋጠሚያዎች ይያያዛሉ። ፋሴት ይባላሉ። ማጠፊያው ሲያረጅ ወይም ሲቆጣ ይነጫነጫል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሕመሙን ወደ አንጎል የሚልከው በሁለት ክር በመሰሉ ነርቮች ነው። "እነዚህን ሁለት ክሮች ለጥቂት ሰዓት እናደነዝዛለን" አለኝ። እጄ አብሮ ቢደነዝዝስ ብዬ ፈራሁ፤ የምበላው በእጄ ነው። እነዚህ ነርቮች ከእጅ ጋር ሥራ የላቸውም፣ የመጋጠሚያው ወሬ አቀባዮች ናቸው አለ።

እኔ ግን የሰማሁት "እናደነዝዛለን" የሚለውን ብቻ ነው። "ለጥቂት ሰዓት" የሚለው በጆሮዬ አልገባም።

ቀኑ ደረሰ። ከአያት በባቡር ቆሜ ስለምሄድ መንገድ ላይ እንዳያመኝ ብዬ ጠዋት ሁለት ዳይክሎፌናክ ዋጥኩ። ሌሊቱን በፍርሃት አልተኛሁም። መርፌው ራሱ ከፈራሁት በጣም ያነሰ ነው። በግራ ጎኔ ተኛሁ። ማጅራቴን በአዮዲን አጸዱ። ሲ-አርም የሚሉት ራጅ ከላይ መጥቶ አንገቴን በስክሪን ያሳያል፤ ሐኪሙ መርፌው የት እንደደረሰ እያየ ነው የሚያስገባው። መጀመሪያ እንደ ጉንዳን ንክሻ፣ ከዚያ ከውስጥ የሚገፋ ነገር። የገባው መድኃኒት ለአንድ ነርቭ ከግማሽ ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ግማሽ ሰዓት አስቀምጠው አዩኝና ሸኙኝ።

ቤት ገብቼ ጥቅልል ብዬ ተኛሁ። አሥር ሰዓት ላይ ስነቃ ማጅራቴ እንደ ድሮው ቆልምሞ ይዞኛል። ለባለቤቴ ደውዬ አለቀስኩ። "ብሩን በላነው" አልኩት። በማግስቱ የነርቭ መርፌ ውሸት ነው ብዬ ብሎኩን ሁሉ አዳረስኩ። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች፣ እንደኔ አንገቷን የሚያማት ሴትዮ "ልሂድ ወይ?" ብትለኝ "ገንዘብሽን አትጣይ" አልኳት። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ እየፈለግኳት ነው።

ለቀጠሮው ስመለስ ልጣላው ነበር የሄድኩት። እሱ ግን በጥያቄ ቀደመኝ።

"ከተወጉ በኋላ በአንደኛው ሰዓት ሕመሙ ከአሥር ስንት ነበር?"

"ተኝቼ ነበር ዶክተር።"

"በስንት ሰዓት ተመለሰ?"

"ስነቃ ነበረ።"

"ጠዋት ማስታገሻ ወስደው ነበር?"

"ሁለት።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፣ ብቻ ቀስ ብሎ እንደገና ነገረኝ። የመጀመሪያው መርፌ መድኃኒት ሳይሆን ጥያቄ ነው። "ሕመሙ የሚመጣው ከዚህ መጋጠሚያ ነው ወይ?" ብለን ነው ነርቩን የምንጠይቀው። ነርቩ ደንዝዞ ሳለ ሕመሙ ከጠፋ፣ ማደንዘዣው ሲለቅ ደግሞ በሰዓቱ ከተመለሰ፣ መልሱ አዎ ነው። መመለሱ ውድቀት አይደለም፣ የተፈለገው ነው። እኔ ግን ማስታገሻ ወስጄ፣ ከዚያ ተኝቼ፣ ጥያቄውንም መልሱንም አበላሽቻለሁ። እንደገና መወጋት፣ እንደገና መክፈል ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ብራችንም በየወሩ ይቀየራል። የከነከነኝ ግን ብሩ ብቻ አይደለም። ይሄን ሁሉ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

ሁለተኛውን እንደ ፈተና ተዘጋጀሁበት። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሬ ማስታገሻውን ሁለት ቀን ቀድሜ አቆምኩ። ማስታገሻውን ነው ያልኩት፤ የግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ደብተር ገዛሁ። ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ መጣ። ሐኪሙ "ሲጨርሱ የሚያምዎትን ሥራ ይሥሩ፣ አርፈው አይቀመጡ" ስላለኝ ጥልፌን ይዤ ሄድኩ።

ከመርፌው በፊት ስምንት ጻፍኩ። የተወጋሁት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት አቆይተው ካዩኝ በኋላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አንገቴን ደፍቼ መጥለፍ ያዝኩ። በየግማሽ ሰዓቱ እጽፋለሁ። አራት ተኩል፣ ሁለት። አምስት ሰዓት፣ ዜሮ። ዜሮውን ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከኋላዬ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ "ስኳር ስንት?" አለችኝ፤ ዞሬ "አንድ" አልኳት። ባለቤቴ አፈጠጠብኝ። "አሁን አንገትሽን አዞርሽ እኮ!" ከወገቤ ጀምሬ እንደ ቁም ሳጥን ነበር የምዞረው፤ ስንት ጊዜዬ!

ስድስት ሰዓት ላይ ዜሮ። ስድስት ተኩል ሦስት። ባቡሩ ላይ ሰባት። ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ዕድሜው ያን ያህል ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደብተሩን ሳሳየው ሐኪሙ "በጣም ጥሩ!" ብሎ ሳቀ። ሕመሜ ተመልሶ የሚስቅ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ግን በአንድ መልስ አላመነም። ሰው ተስፋ ሲያደርግ ያልጠፋው ሕመም የጠፋ ይመስለዋል፣ ስለዚህ በሌላ ቀን በሌላ ማደንዘዣ እንድገመው አለ። የትኛውን እንደሚወጋኝ አልነገረኝም። በሦስተኛው መርፌ ዜሮው ለሰባት ሰዓት ያህል ቆየ። ቡፒቫኬይን ነበር፤ ከሊዶኬይን ረዘም ይላል። አጭሩ ማደንዘዣ አጭር፣ ረጅሙ ረጅም ጊዜ ሠራ ማለት ነው። አሁን እሱም አመነ፣ እኔም አመንኩ። ሁለት ዓመት ስሙ ብርድ፣ ትከሻ፣ ዲስክ ሲባል የከረመው ነገር አድራሻው ታወቀ።

ከሦስተኛው በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ወደ ስምንት አልወጣም፤ ሦስትና አራት ላይ ቀረ። ማደንዘዣው ካለቀ በኋላም ለሳምንታት የሚቀላቸው ሰዎች አሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም፣ አይቁጠሩበት ብሎኝ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ቆጠርኩበት። ፋሲካ ደርሷል፣ የተቀበልኩት ቀሚስ ተከምሯል። አላመመኝም ብዬ በቀን 14 ሰዓት ሰፋሁ። ጀሪካኑንም እንደ ድሮው። በአምስተኛው ሳምንት ስድስት ጻፍኩ። ከሁሉም ስህተቶቼ በዚህኛው ነው የማፍረው፣ እያወቅኩ ያደረግኩት ስለሆነ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ቆጣ ያለች ናት፤ ለእኔ ግን ጠቅማኛለች። "መርፌው በሩን ከፈተልሽ፣ አንቺ ግን ገብተሽ ተኛሽ" አለችኝ። ሕመሙ ቀለል ባለበት ጊዜ ነው ጡንቻውን ማጠንከር የሚቻለው። አገጭን ወደ ኋላ መሳብ፣ የትከሻ አጥንቶችን ወደ ኋላ መጭመቅ፣ ጭንቅላትን በመዳፍ እየገፉ አለመሸነፍ። አሥር ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ሲታይ ቀልድ ይመስላል። በስድስተኛው ሳምንት ልዩነቱ ታየኝ። ሲንጀሩን በጣውላ ከፍ አደረግኩት፣ ወንበሬን ዝቅ። መብራቱን አቀረብኩ። ስልኬ በየግማሽ ሰዓቱ ይጮሃል፣ እነሳለሁ። ጀሪካኑን ልጆቼ ያወጣሉ፤ ከሌሉ ሁለት ትንንሽ በሁለት እጄ እይዛለሁ።

አራተኛውን መርፌ የወሰድኩት ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። አሥራ አንድ ሳምንት አቆየኝ።

ስትሄዱ የምትጠይቁትንም ልንገራችሁ፣ እኔ ሳልጠይቅ የገባሁ ስለሆንኩ። ሁላችንም "የአንገት መርፌ" እንላለን እንጂ አንድ አይደለም። ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የነበረችው ሴት ከማጅራት ተነስቶ ለሚወጣ ራስ ምታት ራስ ቅሏ ሥር ነው የምትወጋው። ሕመማቸው በክንድ ለሚወርድ ሰዎች ደግሞ ወደ ነርቩ ሥር አካባቢ፣ አከርካሪው ውስጥ ስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) የሚሰጥበት ኤፒዱራል የሚባል አለ። እሱ ከበድ ያለ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ከአከርካሪ ስቴሮይድ መርፌ በኋላ አልፎ አልፎ ከባድ የነርቭ ጉዳት እንደሚደርስ አስጠንቅቋል። ስለዚህ የሚወጋችሁ የትኛው እንደሆነ፣ ስቴሮይድ እንዳለበት፣ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እየታየ መሆኑን ጠይቁ። ሳያይ በግምት አንገቴን ልውጋሽ ለሚል ሰው አመስግናችሁ ውጡ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ስኳር ያለባችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁ ወይም የጠረጠራችሁ፣ ትኩሳት ወይም ቆዳችሁ ላይ ቁስል ያለባችሁ፣ ማደንዘዣ ያስቆጣችሁ ካላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ስቴሮይድ ስኳርን ለተወሰኑ ቀናት ከፍ ያደርጋል። በዚያ ቀን መኪና አትንዱ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። እኔን አንዱን ቀን ለሰዓታት አዙሮኛል፤ የተወጋሁበት ቦታም ሁለት ቀን ተጫጭኖኛል። ከዚያ ያለፈ አልገጠመኝም። ከመርፌው በኋላ ትኩሳት፣ የሚብስ ሕመም ወይም የእጅ መዛል ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

አሁን የቀረን ውሳኔ አንድ ነው። እነዚያኑ ሁለት ነርቮች በማደንዘዣ ፈንታ በሙቀት የሚያስተኛ መሣሪያ አለ፤ ራዲዮፍሪኩዌንሲ ይባላል። የመርፌው ጫፍ ወደ 80 ዲግሪ ይሞቅና ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ይቆያል። ለሚሠራለት ሰው ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያቆያል። ነርቩ ግን መልሶ ያድጋል፣ ሕመሙም አብሮ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ ይደገማል። ሐኪሙ ይህን ለማንም አያደርግም፤ ሁለቱን ፈተና ያለፈ ብቻ። እኔ አልፌያለሁ። ግን ሕመሜ ከአራት በታች እስካለ ልቆይ ብያለሁ፣ እሱም ተስማምቷል።

ደብተሩ አሁንም ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ልጄ አልፎ አልፎ ከእኔ ቀድማ "እማዬ፣ ዛሬ ስንት ነሽ?" ትለኛለች። ትናንት ሦስት ነበርኩ። ዛሬ የቀሚስ ቀጠሮ ስላለብኝ ማታ ነው የምጽፈው፤ ስልኩም እየጮኸ ነው፣ ልነሳ።